ነጠላ፣ ሹሩባና የልብ ውበት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ግራውንድ ላይ አንድ ትንሽ የሴቶች ፀጉር ቤት አለችኝ። እሑድ ደግሞ በሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ሰንበት ትምህርት ቤት አገለግላለሁ። "ሁለቱ አይጋጩብሽም ወይ?" የሚለኝ አይጠፋም። እውነቱን ለመናገር ቅዳሜ ካስክ ሥር የምጠየቀውና እሑድ ከጉባኤ በኋላ የምጠየቀው አንድ ነው። ልዩነቱ ቅዳሜ እየጮኹ፣ እሑድ እያንሾካሾኩ መጠየቃቸው ነው። ደጋግመው የሚመጡትን እዚህ ሰብስቤያለሁ። እኔ ቄስ አይደለሁም። ቀኖና የሚሰጥሽ የንስሐ አባትሽ ነው። እኔ የምጽፈው ያነበብኩትንና በዓይኔ ያየሁትን ነው።

መጽሐፍ ቅዱስ ሹሩባ ይከለክላል እንዴ?

ይህን የምትጠይቀኝ ሴት አብዛኛውን ጊዜ እጄ ላይ ናት። ግማሽ ራሷ ተሠርቶ ግማሹ ጎፈሬ ሆኖ ቆሟል። "አሁን ኀጢአት ነው ብልሽ እንዲህ ሆነሽ ልትወጪ ነው?" እላታለሁ። እንሳሳቃለን።

የሚጠቀሰው 1ኛ ጴጥሮስ 3፥3-4 ነው። "ጠጉርን በመሸረብና ወርቅን በማንጠልጠል ወይም ልብስን በመጎናጸፍ በውጭ የሆነ ሽልማት አይሁንላችሁ" ይላል። ቃል በቃል ከወሰድነው ልብስ መልበስም ሊቀርብን ነው። ሐዋርያው ያንን እንዳላለ ሁላችንም እናውቃለን። እሱ የሚለው ጌጣችሁ ይህ ሆኖ አይቅር ነው። ዋናው ጌጥ "የዋህና ዝግተኛ መንፈስ ያለውን የማይጠፋውን ልብስ ለብሶ የተሰወረ የልብ ሰው" ነው። ቅዱስ ጳውሎስም በ1ኛ ጢሞቴዎስ 2፥9 ላይ ሹሩባን፣ ወርቅን፣ ዕንቁንና ውድ ልብስን ባንድ ላይ ያነሣቸዋል። ለእኔ አራቱን የሚያገናኛቸው ገንዘብ ነው።

እንደ ፀጉር ሠሪ አንድ ነገር ልጨምር። በዚያን ዘመን በሮም ግዛት የባለጠጋ ሴቶች ፀጉር እንደኛ ሦስት ክር አልነበረም። ፎቅ በፎቅ ተከምሮ የሚሠራ፣ ብዙ ሰዓት የሚፈጅ ነው። የሚሠሩት ደግሞ ባሪያዎች ናቸው። አንዲት ዘለላ ከቦታዋ ብትወጣ ፀጉር ሠሪ ባሪያዋን የምትደበድብ እመቤት በዘመኑ የሮም ባለቅኔዎች ግጥም ውስጥ አለች። አሁን የጴጥሮስን መልእክት ወደ ኋላ ገለጥ አድርጊው። ምዕራፍ 2 ቁጥር 18 ላይ የሚናገረው ለሎሌዎች ነው፤ ጠማማ ጌታ ላለባቸው። ስለ ሹሩባ የሚናገረው ከዚያ ቀጥሎ ነው። የምትሸረበዋም የምትሸርባትም አንድ ጉባኤ ውስጥ ቁጭ ብለው ሲሰሙት ሳስብ፣ ጥቅሱ ሌላ መልክ ይይዝብኛል።

ስለዚህ ሹሩባሽን ተሠሪ። የሠራችሽን አመስግኚ። ሒሳቧንም አታጓትቺ። (የመጨረሻዋ ለራሴ ጥቅም የገባች ናት።)

ቤተ ክርስቲያናችን የሰውነትን ውበት ትንቃለች?

እንደዚያ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። መልክእ ሰምተው ስለማያውቁ ነው። መልክእ የሚባለው ድርሰት ቅዱሳንን ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር አካል በአካል እየጠራ ሰላምታ የሚያቀርብ ነው። መልክአ ማርያም ላይ "ሰላም ለሥዕርተ ርእስኪ" ይባላል፤ ለራስ ፀጉርሽ ሰላምታ ይገባል ማለት ነው። ከዚያ ፊቷ አለ፣ ዓይኖቿ አሉ፣ ከንፈሯ አለ፣ እጇ አለ። ጥፍር እንኳ አይዘለልም።

አያቴ ልብስ ስታጥብ በቃሏ ትደግመው ነበር። ግእዙ አይገባኝም። ግን "አዕይንትኪ" ስትል ስለ ዓይን እንደሆነ እገምት ነበር። ሳሙናውን ያዝ፣ ሰላም ለዓይንሽ። ጨመቅ፣ ሰላም ለእጅሽ። የሴት ሰውነት ጸያፍ ነው የሚል ትምህርት ከዚያ በኋላ ብሰማም ጆሮዬ አልተቀበለውም።

በስቅለት ዕለት ደግሞ ኢሳይያስ 53 ይነበባል። ስለ ክርስቶስ ሲናገር "መልክና ውበት የለውም" ይላል፤ ደም ግባትም የለውም። የእናቱን ጥፍር የምታመሰግን ቤተ ክርስቲያን፣ ያለ ደም ግባት በተሰቀለው ፊት ትሰግዳለች። ሁለቱንም ያዢ። አንዱን ብቻ የያዘች ወይ መስታወት ፊት ትቀራለች፣ ወይ መስታወት ያየችውን ሁሉ ስትኮንን ትውላለች።

ነጠላ የግድ ነው? አለባበሱስ?

ራስ መሸፈን ከ1ኛ ቆሮንቶስ 11 የመጣ ነው። ነጭ መሆኑና ጥለቱ የእኛ ወግ ነው፤ የሚያምር ወግ። ለቤተ ክርስቲያን መስቀለኛ እናጣፋለን፤ የግራና የቀኙ ጫፍ ደረት ላይ ይተላለፋል። ለለቅሶ ዘቅዝቀን ጥለቱን ወደ ላይ እናደርገዋለን። አንዴ አንዲት ወጣት ሳታውቅ ዘቅዝቃ መጣችና አንዲት እናት "ምነው ልጄ፣ ማን ሞተብሽ?" ብለው እቅፍ አደረጓት። ልጅቷ ግራ ገብቷት አብራቸው ልታለቅስ ምንም አልቀራትም።

ሽሮ ሜዳ ሄዳችሁ የፈትል ነጠላ ዋጋ ሰምታችሁ የደነገጣችሁ አላችሁ። ተራው የፋብሪካውም ይበቃል። መመዘን ያለበት ሌላ ነገር ነው። ሰፈራችን ጥቁር መረሬ አፈር ነው። ሐምሌ ላይ ጭቃው ጫማ ከእግር ይነጥቃል። ውሃው በፈረቃ ነው። ቅዳሜ ሌሊት ውሃ መጣ ተብሎ ጀሪካን አራተኛ ፎቅ ድረስ ያወጣች ሴት፣ ለነጠላዋ ስንት ሊትር እንደምትመድብ ራሷ ታውቃለች። እዚህ ሰፈር ነጭ ነጠላ ነጭ ሆኖ የሚቆየው በትግል ነው። ስለዚህ ጫፏ ጭቃ የነካትን ሴት ገላምጠሽ አትለፊያት። ልጅ አዝላ፣ ባጃጅ አጥታ፣ በእግሯ መጥታ ይሆናል።

ስለ ጫማ ብዙ አልልም፤ በር ላይ ይወልቃል። ሂሉም ኮንጎውም እኩል ጭቃ ላይ ይሰለፋል። አንድ እሑድ አዲሱን ጫማዬን አንዷ ተሳስታ አድርጋው ሄዳ፣ እኔ በእሷ ኮንጎ ቤቴ ገብቻለሁ። ለነገሩ ኮንጎው ለጭቃው የተሻለ ነበር።

ሱሪ ለብሼ ብመጣስ?

ለቅዳሴ ቀሚስ ልበሺ፤ የቤታችን ሥርዓት ነው። ዘዳግም 22፥5 ሴት የወንድ ልብስ እንዳትለብስ፣ ወንድም የሴት እንዳይለብስ ይላል፤ መምህራኖቻችን የሚጠቅሱትም እሱን ነው። ሱሪ የሴትም ሆኖ በሚሰፋበት ዘመን ጥቅሱ እንዴት ይተርጎም የሚለውን ለሊቃውንቱ እተወዋለሁ።

የኔ ጭንቀት በር ላይ ያለችው ሴት ናት። ቂሊንጦ ፋብሪካ የምትሠራ አንዲት ልጅ ከሌሊት ፈረቃ ወጥታ፣ እንቅልፏን ሳትተኛ፣ በጂንስ ሱሪዋ ልትሳለም መጣች። ከእኛው አንዷ በሩ ላይ "እንዲህ ሆነሽ ወዴት ነው?" አለቻት። ተመለሰች። ከሁለት ወር በኋላ ታክሲ ሰልፍ ላይ አገኘኋት። "እዚያ ግቢ እኔን አይፈልጉኝም" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ቦርሳዬ ውስጥ ትርፍ ነጠላ አይጠፋም። ከወገብ ታሸርጠዋለች፣ ትገባለች፣ ተሳልማ ስትወጣ ትመልስልኛለች። ሦስቱ አልተመለሱም። ይሁን።

ሜካፕ ተቀብቼ መቁረብ እችላለሁ?

ሊፒስቲክ አይሆንም። ምክንያቱ ደግሞ ቀላል ነው። ክቡር ደሙን የምንቀበለው በዕርፈ መስቀል፣ በማንኪያው ነው። አንቺን ያቀበለው ሌላዋንም ያቀብላል። ቅባትና ቀለም እዚያ ላይ መነካካት የለበትም። ሽቶውንም ተይው፤ ዕጣን ይበቃል። ኩል ከሆነ እናቶቻችን ተኩለው ኖረዋል፤ ያም ሆኖ ለቁርባን 18 ሰዓት ጾመሽ ስትመጪ ፊትሽን በውሃ ታጥበሽ ነይ። ያን ዕለት አንቺን ሊያይ የመጣ የለም።

ዊግ እና ሂውማን ሄርስ?

ፀጉርሽ በሕመም ረግፎ ከሆነ ማንም ምንም ሊልሽ አይገባም። ለፋሽን ከሆነ ለኪስሽ እዘኚለት። እኔ ከዊግ ይልቅ የምፈራው ጠብቆ የሚጎነጎን ሹሩባን ነው። ራስ ምታት እስኪይዝሽ "አጥብቂው" አትበዪኝ። የግንባርሽ ፀጉር እየሸሸ ይሄዳል፤ ከሸሸ በኋላ መመለሱ ከባድ ነው።

ጠይም ነኝ። ቀላ ለማለት ክሬም ብጠቀም ኀጢአት ነው?

ኀጢአቱን ትተን መጀመሪያ ስለ ቆዳሽ እናውራ። ፊት ያቀላሉ ተብለው ከሚሸጡት ክሬሞች አንዳንዶቹ ሜርኩሪ አለባቸው፤ ሜርኩሪ በቆዳ ገብቶ ኩላሊት ይጎዳል። ሃይድሮኪኖን ያለባቸው አሉ፤ ያለ ሐኪም ለረጅም ጊዜ ሲቀቡት ቆዳውን መልሶ ያጠቁረዋል፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁረት። ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል የሚል የተጻፈባቸው ደግሞ ስቴሮይድ ናቸው፤ ለበሽታ የሚታዘዝ መድኃኒት ነው። በየቀኑ ፊትሽ ላይ ስትለቀልቂው ቆዳው ይሳሳል፣ የደም ሥሩ ይታያል፣ ብጉሩ ይፈላል። ሲያቆሙት ደግሞ ፊቱ እሳት ይሆናል። ወንበሬ ላይ ተቀምጠው ፎጣው ሲነካቸው "አይ!" የሚሉትን አውቃቸዋለሁ። እንደዚህ ከሆንሽ ሌላ ክሬም አትደርቢበት። የቆዳ ሐኪም ጋ ሂጂ፤ አለርት ሆስፒታል ለዚህ የታወቀ ነው።

አሁን ወደ ልቡ። መኃልየ መኃልይ ላይ ሙሽራዋ "እኔ ጥቁር ነኝ፥ ነገር ግን ውብ ነኝ" ትላለች። ይህን ቤተ ክርስቲያን ስንት ዘመን ስታነብ ኖራለች። ግን ማኅበር ላይ አንዷ ስትገባ "ቀላ ብለሻል፣ አምሮብሻል" የምንለው እኛው ነን። ሕፃን ሲወለድ መጀመሪያ ጆሮውን አገላብጠን "ይጠቁራል፣ አይጠቁርም" የምንለውም እኛው ነን። ክሬሙን የሚሸጠው ነጋዴ ገበያውን ከየት እንዳገኘው እያወቅን እሱን ብቻ መውቀስ አይሆንም።

ልጄ ክንዷ ላይ መስቀል ልነቀስ አለችኝ። ምን ልበላት?

እናቴ፣ እርስዎ መጀመሪያ የራስዎን እናት ያስታውሱ። በሰሜኑ አገራችን ክፍል ግንባራቸው ላይ መስቀል፣ አንገታቸው ላይ እንደ ሀብል የተደረደረ ንቅሳት ያላቸው እናቶች ሞልተዋል። ልጅቷ "አያቴስ?" ብትልዎ መልስ ያስፈልግዎታል። ዘሌዋውያን 19፥28 ስለ ሞተ ሰው ገላን መቁረጥንና ምልክት ማድረግን ይከለክላል፤ ዛሬ መምህራን ንቅሳት ይቅር የሚሉት እሱን ይዘው ነው። እኔ እርስዎን ብሆን ከጥቅሱ በፊት ስለ መርፌው አነጋግራታለሁ። ንጹሕ ያልሆነ መርፌ ሄፓታይተስ ቢና ኤችአይቪ ያስተላልፋል። ከዚያ "አንድ ዓመት ቆይተን እንነጋገር" ይበሏት። መስቀሉ የትም አይሄድም።

ለጥምቀት ተበድሬ ቀሚስ ልግዛ?

"ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ" ይባላል፤ እኔም እወደዋለሁ። ለበዓል አምሮ መውጣት ምስጋና ነው። ታቦት ሲወጣ እኛም ወጣ ብለን እንታያለን፣ ምን ችግር አለው? ተረቱ ግን ያለሽን ከሳጥን አውጪ አለ እንጂ ተበደሪ አላለም። እቁብ ከደረሰሽ ግዢ። ካልደረሰሽ ያምናው ቀሚስ በደንብ ከተተኮሰ አዲስ ነው።

ስለ ጌጥ ከተነሣ ኢሳይያስ 3ን አንብቢ። ከቁጥር 16 ጀምሮ የጽዮንን ሴቶች ልጆች ጌጥ አንድ በአንድ ይቆጥራል፤ አልቦው፣ ጉትቻው፣ ቀለበቱ። ሰባኪ ሁሉ ይህን ይወደዋል። ግን ሁለት ቁጥር ቀደም ብለሽ ግቢ። 14 እና 15 ላይ እግዚአብሔር የሚፋረደው ከድሆች የተበዘበዘው ቤታቸው ውስጥ ስላለ ነው፤ የድሆችን ፊት ስለፈጩ። ነቢዩን ያስቆጣው አልቦ መንኳኳቱ ብቻ አልነበረም። የሠራተኛዋን የሁለት ወር ደሞዝ "ከበዓል በኋላ" ብላ አቆይታ ጥልፍ ያሰፋች ሴት ካለች፣ ምዕራፉ ስለ እሷ ነው።

ጎረቤቴ ፕሮቴስታንት ናት። ነጠላ አትለብስም፣ ትዘንጣለች። ልምከራት?

ቡና ጥሪያት። ሌላው ይቆይ።

ካልተዋብኩ ማን ያገባኛል?

ተዋቢ እንጂ! ማን ከለከለሽ? አስቴር ንጉሡ ፊት ከመቅረቧ በፊት 12 ወር ተዘጋጅታለች፤ 6 ወር በከርቤ ዘይት፣ 6 ወር በሽቱ። የኔ ደንበኞች ሁለት ሰዓት ሲሞላቸው "አልደረሰም?" ይሉኛል። በመጽሐፈ ዮዲት ያለችው ዮዲትም ሕዝቧን ልታድን ስትወጣ ታጥባ፣ ተቀብታ፣ አጊጣ ነው። መጽሐፉ አላፈረባትም።

ቅድስት አርሴማን ግን አስቢያት። እዚህ ሰፈር አርሴማ የምትባል ልጅ በየብሎኩ አለች። ታሪኳን ሲነግሩን ቁንጅናዋን አይደብቁም፤ መከራዋ የጀመረው በእሱ ነው። ንጉሡ ዲዮቅልጥያኖስ ፈለጋት፣ ከባልንጀሮቿ ጋር ወደ አርመን ሸሸች። እዚያም ንጉሡ ድርጣድስ አያትና ላግባሽ አላት። ቤተ መንግሥት ነው የቀረበላት። እንቢ አለች፤ እሷም ባልንጀሮቿም በሰማዕትነት ሞቱ። መስከረም 29 የምናከብረው እሱን ነው። እንቢ ያለችው ቁንጅናዋን ሳይሆን ቁንጅናዋ ዋጋ ሲወጣለት ነው።

ይህ የድሮ ታሪክ አይደለም። "መጀመሪያ ሙሉ ቁመትሽን ፎቶ ላኪልኝ" የሚል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል። ውጭ አገር ነኝ ብሎ ፎቶ መርጦ የሚያገባ አለ። አንዷ ደንበኛዬ ለእንዲህ ዓይነቱ ፎቶ ፀጉሯን ሦስት ጊዜ አሠርታለች፤ በሦስተኛው "ፊትሽ ትንሽ ቀላ ቢል" አላት። ያን ቀን የተሠራችውን ፀጉር ፎቶ አልተነሳችበትም። ይዛው ልደታ ለማርያም ንግሥ ሄደች። አምሮባት ነበር። እናቶች "መልክ ታጥቦ አይጠጣም" ሲሉ ለሴቷ ብቻ ይመስለን ነበር፤ ለመራጩም ነው።

(ከወንዶች) የሴቶች አለባበስ ያሰናክለናል። ለምን አትገሥጿቸውም?

ወንድሜ፣ እንገሥጻለን። ግን ማቴዎስ 5፥28 "ወደ ሴት ያየ ሁሉ የተመኛትም" ብሎ የሚናገረው ላየው ነው። ቀጥሎ ባለው ቁጥር አውጥተህ ጣላት ያለው ዓይንን ነው፤ ቀሚሷን አላለም። ደግሞ ከቅዳሴ ስንመለስ በሙሉ ነጠላችን ታክሲ ውስጥ እንለከፋለን። ስለዚህ ጉዳዩ የጨርቅ እጥረት ብቻ አይመስለኝም።

ባሌ ይመታኛል። "የዋህና ዝግተኛ ሁኚ" ይሉኛል። ውበቴ ይህ ነው?

አይደለም። ጴጥሮስ ከዚያው ሳይርቅ፣ 3፥7 ላይ፣ ባሎች ሚስቶቻቸውን እንዲያከብሩ፣ ያለዚያ ጸሎታቸው እንደሚከለከል ይናገራል። ይህችን የሚያነብልሽ ካላገኘሽ እኔ አነብልሻለሁ። አቢግያን ተመልከቺ፤ 1ኛ ሳሙኤል 25 ላይ ብልህም ቆንጆም እንደነበረች ባንድ ቁጥር ተጽፏል። ባሏ ናባል ክፉ ነበር። እሷ ዝም ብላ አልተቀመጠችም። አህያ አስጭና፣ ለባሏ ሳትነግር፣ ወጥታ ሄዳ ቤቱን አዳነች። የዋህነት ዱላ ችሎ መቀመጥ አይደለም። ለንስሐ አባትሽ ንገሪ፤ ግን በእሱ ብቻ አትቁሚ። ፖሊስ ጣቢያ የሴቶችና የሕፃናትን ጉዳይ የሚይዝ ክፍል አለ። ብቻዬን መሄድ ፈራሁ ካልሽ አብሬሽ እሄዳለሁ፤ ሳሎኑ ግማሽ ቀን ቢዘጋ አይሞትም።

"የውስጥ ውበት" ሲባል በተግባር ምን ማለት ነው?

ይህን ወደ መጨረሻ ያመጣሁት ስለማፍርበት ነው።

አንድ ቅዳም ሹር ዕለት ሳሎኑ ጢም ብሏል። ስድስት ሴት ተራ ይጠብቃል። መብራት ጠፋ፣ ካስኩ ቆመ። አንዷ ፀጉር መታጠቢያው ላይ ናት። ረዳቴ ከገጠር ከመጣች ዓመት ያልሞላት የ19 ዓመት ልጅ ናት። ማሞቂያው መብራት እንደሌለው ረስታ ቀዝቃዛ ውሃ ደንበኛዋ ራስ ላይ ለቀቀችባት። ሴትየዋ ጮኸች። እኔም ጮኽኩ። "ደንቆሮ! ከበረት ነው እንዴ ያመጡሽ?" አልኳት። በሁሉም ፊት። አንድ ሁለቱ ሳቁ።

ልጅቷ ምንም አልመለሰችም። ሄዳ ፎጣ ማጠፍ ጀመረች። አንዱን ፎጣ አጥፋ ፈታችው፣ እንደገና አጠፈችው፣ እንደገና ፈታችው። እጇ ይንቀጠቀጣል። ፀጉር ቤት ውስጥ ዞር ብትይ መስታወት ነው። እጇን ያየሁት በመስታወት ነው፤ የራሴንም ፊት እዚያው አየሁት። ኩሉ ተስተካክሏል፣ ሹሩባዬ ከጠዋቱ ተሠርቷል። አፌ ግን ተጣሞ ቀርቷል።

ማታ ለትንሣኤ ቅዳሴ ነጭ በነጭ ለብሼ ሄድኩ። "ውይ እንዴት አምሮብሻል!" አሉኝ። "የውጭ አልጋ፣ የቤት ቀጋ" የሚባለው ስለ ሌላ ሰው ይመስለኝ ነበር።

ቅድስት ክርስቶስ ሠምራን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ፤ ነሐሴ 24 የምትከበረውን። ሰው ስለ እሷ ሲያወራ የሚያነሣው ሰይጣንን ከፈጣሪው ላስታርቅ ብላ መለመኗን ነው። ገድሏ ግን ከዚያ በፊት ሌላ ነገር ይነግረናል። ባለ ትዳር፣ የልጆች እናት፣ አገልጋዮች ያሏት ባለጠጋ ነበረች። አንድ ቀን በአንዲት አገልጋይዋ ተቆጥታ የሚነድ እንጨት አፏ ውስጥ ጨመረችባት፤ ልጅቷም ሞተች። ክርስቶስ ሠምራ አልቅሳ ለመነች፣ እግዚአብሔርም ልጅቷን አስነሣላት። ቤቷን ጥላ የመነነችው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን የጻፉት አባቶች ሊደብቁት ይችሉ ነበር፤ አልደበቁትም። እኔ ሌላው ገድሏ ላይ ከመድረሴ በፊት ከዚያች አገልጋይ አልፌ መሄድ ያቅተኛል። ስሟን እንኳ አላውቀውም፣ አፏ ግን ይታየኛል።

እንግዲህ በተግባር ካላችሁኝ፦ ከእናንተ በታች ያለው ሰው ሲሳሳት ፊታችሁ ምን ይመስላል? የቤት ሠራተኛችሁ ብርጭቆ ስትሰብር፣ ረዳቱ ሒሳብ ሲያሳስት፣ ምራታችሁ ወጥ ስታሳርር። "የተሰወረ የልብ ሰው" ያለው ያን ጊዜ ብቅ ይላል። ምሳሌ 31ም ልባሟን ሴት ሲያመሰግን ጥሩ በፍታና ቀይ ግምጃ መልበሷን ጽፏል፤ ግን ከዚያ በፊት ለገረዶቿ ገና ሌሊት ተነሥታ እንደምታስብ፣ እጇን ለድሃ እንደምትዘረጋ ጽፏል። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉት።

ልጅቷን ይቅርታ ጠየቅሻት?

ጠየቅኳት። ማክሰኞ ሳሎኑን ስንከፍት፣ ሰው ሳይመጣ። "ምንም አይደለም እትዬ" አለችኝ፣ ቀና ብላ ሳታየኝ። እኔም ቀለለኝ።

ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው ግን "ስድቡ በስንት ሰው ፊት ነበር?" አሉኝ።

"በስድስት።"

"ይቅርታውስ?"

ዝም አልኩ። እሳቸውም ዝም አሉ። ስድስቱን ሰብስቤ ማምጣት አልቻልኩም። ሦስቱ የተገጣጠሙበት ቅዳሜ ጠብቄ፣ ካስኩን አጥፍቼ፣ እጇን ይዤ ተናገርኩ። ድምፄ አልወጣ ብሎኝ ሁለት ጊዜ ጀመርኩት። ቀዝቃዛ ውሃ የፈሰሰባት ሴትዮ እዚያው ነበረች። "እኔም እኮ ስቄያለሁ" አለች። ልጅቷ ያን ቀን ቀና ብላ አየችኝ።

ሳሎኑ እሑድ ክፍት ነው?

አይደለም። ከማክሰኞ እስከ ቅዳሜ ነው፤ ውሃና መብራት ካለ። በሁዳዴ 55 ቀን ሠርግ ስለሌለ ቀለል ይላል፣ ያኔ ብትመጡ ቶሎ ትስተናገዳላችሁ። ሦስት ክርና አልባሶ ከፈለጋችሁ እሷን ጠይቁ፤ አሁን እጇ ከኔ ይበልጣል። ቅዳሜ ግን ወንበሯ ጋ ሰልፍ ነው፣ ቀድማችሁ ቀጠሮ ያዙ። እኔ ጋ ወዲያው ትገባላችሁ።